ከባዳቾ ጓሮ በታች

ግራዝማች ገበየው ከበቅሏቸው ሳይወርዱ የጭሰኛቸውን የባዳቾን እንሰት በከዘራቸው ወጋ ወጋ አደረጉት። «የቱ ጋ ነው የሚከብደው?»

ሀብተየስ አፉን መረረው። መሬት ሊለካ ለመጣው ፈረንጅ አስተርጓሚ ከሆነ ወዲህ፣ «ሰማይ ላይ የምትዞረው ሰው ሠራሽ ጨረቃ ምድርን ትመዝናለች፤ መሬቱ በከበደበት ዝቅ ትላለች፤ ወርቅ ደግሞ ከባድ ነው» እያለ የሶዶን ጠጅ ቤት ሁሉ ጸጥ አሰኝቷል። ወሬው ዞሮ ዞሮ እኚህን ሆዳም ባለርስት አመጣ፤ የበቅሎዋ ጀርባ ከክብደታቸው የተነሳ ጀልባ መስሏል።

ፈረንጁ ጓሮው ዳር በተከለው ድንኳን ውስጥ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ከጨረቃዋ የሚመጣውን ፉጨት ይለካል።

«በል ጠይቀው። ወርቁ እዚህ ከሆነ ይሄን ጭሰኛ ዛሬውኑ ነቅዬ እጥለዋለሁ።»

ባዳቾ እዚያው አጠገባቸው፣ ደጁ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ትናንት ለሀብተየስ ቆጮ በቅቤ ያቀረበ ሰው ነው።

ሀብተየስ ጠየቀ። ፈረንጁ ሳቀና መለሰለት። ሀብተየስም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር ተረጎመ። «ጨረቃዋ ዝቅ የምትለው ጥቂት ነው። እሱም በአገር ስፋት ነው እንጂ ጓሮን ከጓሮ አትለይም። ወርቅም አይታያትም።»

ግራዝማች ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ፍቀው የወጣውን እንሰቱ ላይ ተፉት። «ያን ሁሉ ምላስ ይዘህ ይህችን ብቻ? ደብቀኸኛል። ነገ ቆፋሪ አመጣለሁ።»

እውነት እንዲህ ከሲታ ከሆነች ማንን ታድናለች?

«መደበቁንስ ደብቄዎታለሁ» አለ ሀብተየስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ጨረቃዋ እዚህ ስትደርስ ሽቅብ ዘለለች፤ መሬቱ ቀለላት። ከሥር ባዶ ነው ጌታዬ። ዳሞታ ተራራ ቢገለበጥበት የማይሞላ ጉድጓድ፣ ወለሉ እሳት። ላዩ የእንቁላል ቅርፊት ነው። በቅሎዋን እንኳ ቀስ አድርገው ይመልሷት።»

የግራዝማች ከንፈር ነጣ። በቅሎዋን አንድ አንድ እርምጃ እያስረገጡ ከጓሮው አወጡና የገሱባን መንገድ ሲይዙ ጋለቡ።

ሀብተየስ ምራቁን እንትፍ አለ፤ ምሬቱ አለቀቀውም። አብሮት ሊስቅ ወደ ባዳቾ ዞረ። ባዳቾ አልሳቀም።

«ውሸት ነው እኮ ወንድሜ። እሳቸውን ላባርር ብዬ ነው።»

«እሺ አቶ ሀብተየስ» አለ ባዳቾ። «እሺ።»

ከዚያ ሚስቱን ቦሼን በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ ጠራት፤ ልጆቹን ይዛ እንድትወጣ። ራሱም የተኛ ሰው አጠገብ እንደሚያልፍ፣ የአባቱን መሬት በእግሩ ጣቶች ብቻ እየነካ ሊቀበላቸው ሄደ።