የማይሰምጠው ቁልፍ

የሀብታም ጀልባ እንደ መስጊድ ነው፤ ጫማ ሳያወልቁ አይገቡበትም። ረውዳ በባዶ እግሯ፣ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር የታሰረውን ጀልባ ወለል ስትወለውል፣ የጀልባው ባለቤት ማዳም መጥታ አንድ ቁልፍ እጇ ላይ አኖረችላት። በሜዲትራኒያን ዳር የገዙት ቤት ቁልፍ ነው፤ ረውዳ ቀድማ ሄዳ ቤቱን እንድትከፍት፣ በጋውንም እዚያው እንድትሠራ። ከቁልፉ ጋር እንቁላል የሚያህል ቡሽ ተንጠልጥሏል። "ባሕር ውስጥ ቢወድቅ እንዳይሰምጥ ነው። ካልፈለግሽ ዛሬውኑ ንገሪኝ" ብላ ማዳም ወረደች።

"አንቺ ልጅ፣ ባለ ባሕር ቤት ልትሆኚ ነው" አለች አብራት የምትሠራው ዙሀራ፣ መስታወቱን እየወለወለች። "እኛ ደሴ ቁልፍ የምንደብቀው ምንጣፍ ሥር፤ ማን ሊያሰምጠው። ፐርሚሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽም ድንበር ያሻግርሻል፤ ምን ቀረሽ?"

ረውዳ የውሃ ባልዲው ላይ አጎነበሰች። ያንን ባሕር ልታቋርጥ ከሊቢያ በጎማ ጀልባ ስትሳፈር ታናሽ ወንድሟ ሙአዝ ከጎኗ ነበር፤ ዳር ስትወጣ ግን ብቻዋን ነበረች። ሄዳ ፋቲሃ የምትቀራበት መቃብር እንኳ የለውም። ቁልፉን ባልዲው ውስጥ ጣለችው፤ ብቅ አለ። በመዳፏ እስከ ታች ተጫነችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ብቅ አለ።

"ምን ነካሽ?" አለች ዙሀራ።

"የዚያ ቤት መስኮት ወደ ባሕሩ ነው የሚከፈተው?"

"ታዲያ ወዴት ሊከፈት ኖሯል? ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ለዚያ አይደል።"

ረውዳ ቁልፉን በሻሿ ጫፍ አደረቀችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"እንግዲያው እሄዳለሁ" አለች። "ለሙአዝ መስኮቱን እከፍትለታለሁ።"