የድንበር ጥሪ

ሹፌሩ ያን ዕለት ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ብቻውን ሳቀ። ሚስቱ «ምን አገኘህ?» ብትለው «ምንም» አለና እንደገና ሳቀ። እንደሱ ያለ ብልጥ ይቺ ሠፈር አላበቀለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ሲሞቱ መሬታቸውን ሦስቱ ወንዶች ልጆች ተካፈሉት። መሀሉ ለሹፌሩ፣ ግራና ቀኙ ለሥጋ ሻጩና ለፀጉር አስተካካዩ ደረሰ። አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ልብስ ሰፊዋ እህታቸው «የኔስ?» ብትል፣ «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ፣ መሬት ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። ሆደ ሰፊ ናት ብለው አመሰገኗት።

ባለፈው ወር ሹፌሩ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ ሲገባ፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ጠጋ አለችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዳትቆጣ እንጂ ባለቤትህ ጠበቃ እያፈላለገች ነው አሉ። ብትፋቱ መሬቱን እኩል ነው የምትካፈልህ።»

ሹፌሩ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የአባቱን መሬት ግማሹን ለሴት! ወዲያው ግን ዘዴ መጣለት። በእህቱ ስም ቢያስመዘግበውስ? የሷ እኮ ያው የሱ ነው፤ ነገሩ ሲበርድ ትመልስለታለች።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም» አለች እህቱ። «ግን ላንተ ስል እሺ። ለወንድሞችህ ብቻ እንዳትተነፍስ።»

ዛሬ የድንበር ጥሪ ነው። የመሬት ቢሮው ሠራተኛ ማሳው ላይ ቆሞ የባለመሬቶችንና የአዋሳኞችን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እዚያው ያልተቃወመ በኋላ ቢጮህ ሰሚ የለውም። ሹፌሩ ሚስቱን «ፀሐዩ ያሳምምሻል» ብሎ ቤት አስቀርቷታል።

ሲደርስ ሁለቱ ወንድሞቹ ጥርስ በጥርስ ሆነው ጠበቁት። እነሱም ሚስቶቻቸውን አላመጡም። ምን እንዲህ አስደሰታቸው ብሎ ትንሽ ገረመው።

ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመሀለኛው መሬት። በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። በምሥራቅ የምታዋስነው» አለና የእህታቸውን ስም ጠራ።

ሹፌሩ «ኧረ እዚያ ያለው ሥጋ ሻጩ ነው» ሊል ዞር አለ። ሥጋ ሻጩ ጫማውን ያያል።

«በምዕራብም የምታዋስነው እሷው።»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አከከ።

«ባለመሬቷም እሷው። ተቃውሞ ያለው አለ?»

ሹፌሩ አፉን ሲከፍት ከኋላው ሳቅ ሰማ። ሦስቱ ሚስቶች፣ እህቱ የሰፋችላቸውን አንድ ዓይነት አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከእሷው ጋር ቆመዋል።

«ተናገር እንጂ» አለችው ሚስቱ። «ምኑን ነው የምትቃወመው?»

ምን ይበል? ካንቺ ልደብቅ ብዬ ነው ይበል? ሠራተኛው «ተቃውሞ የለም» ብሎ ጻፈ።

«ከስሜ ቀጥሎ የነሱንም ጻፍልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ሦስቱ ሴቶች እየጠቆመች፤ «የጠበቃውን ወሬ ያሰቡት እነሱ ናቸው።»