የተበላው ካሹ

ሽቦውን ግንዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ ከትታ ስታዞረው ጫፉ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ቀስ ብላ ሳበችው። ነጭ፣ ጣት የሚያህል ትል እየተጠማዘዘ ወጣ። መሬት ላይ ጥላ በጫማዋ ጨፈለቀችው።

የካሹው ዛፍ ግን ገና ብዙ ቀዳዳ ነበረው። ከሥሩ እንደ ሰጋቱራ ያለ ብናኝ ተከምሯል፤ ከቅርፊቱ ስንጥቅ ቡናማ ሙጫ ይንጠባጠባል። በየዓመቱ ይህን ሥራ ከባሏ ጋር ነበር የሚሠሩት፤ እሱ ትሉን ያወጣል፣ እሷ ቁስሉን በጭቃ ትለስናለች። ሟች ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ፣ "ነይማ፣ ሲያኝክ ስሚው" ይላት ነበር። ዘንድሮ ነይ የሚላት የለም።

ጆሮዋን ለጠፈች። ውስጡ ቅርጥ ቅርጥ ይላል።

"ሰማኸው?" አለች። ለማን እንደተናገረች ስታውቅ ደነገጠች። ዞር ስትል የባሏ ታናሽ ወንድም መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ምኑን፣ እትዬ?"

"ምንም።"

ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን በቢላ ላጥ ላጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። "ዙሪያውን በልቶታል። ይኼ አይድንም።"

"የዘንድሮን እንኳ ቢያፈራ?"

"ቅጠሉን እዪው እንጂ። ትሉ ክንፍ አውጥቶ ከወጣ ሌሎቹንም አያስተርፍልሽም። እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ሲተከል ጉድጓዱን ከወንድሜ ጋር ነው የቆፈርኩት።"

ሽቦውን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። "እንግዲያው ቁረጠው።"

ዛፉ ሲወድቅ ብዙም ድምፅ አላሰማም፤ ሆዱ ባዶ ነበር። ትሉ እንዳያመልጥ ፈልጠው እዚያው አቃጠሉት። ጭሱ ዓይን የሚለበልብ ስለነበር ማን ለምን እንደሚያነባ አልተጠያየቁም።

"ዛሬ እኛ ጋ እደሪ" አላት ሊሄድ ሲል። "ልጆቹም ይጠይቁሻል።"

"ዶሮዎቹን ማን ያስገባልኛል?"

"አስገብተሽ ነያ።"

"ሌላ ቀን።"

እሺ ብሎ ሄደ። ይህችን "ሌላ ቀን" ለምዷታል።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ዛፉ ጋርዶት የኖረው መስኮት የማታ ፀሐይ አስገብቷል። ብርሃኑ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። በግድግዳው በኩል አንሶላው ተጨማዷል፤ በሌላው በኩል እንደተነጠፈ ነው። እስከዛሬ ጥጓን ይዛ ነው የምትተኛው፣ ለባሏ ቦታ ትታ።