ወላጅ አምጪ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሁለተኛው ደወል ተደውሏል፤ የትምህርት ቤቱ ትልቁ በር በምክትል ርዕሰ መምህሩ በገዛ እጃቸው ተቆልፏል፤ ያረፈደ ሁሉ፣ ሴት ወንድ፣ አጭር ረጅም ሳይባል፣ በጠጠሩ ላይ ይንበረከክ ዘንድ ታውጇል።

ይንበረከካሉ። ከተንበረከኩት አንዱ ራሰ በራ ነው።

“ጋሼ ዘጠነኛ፣ ጉልበት እንዴት ነው?” ይላል ከኋላ አንዱ ጎረምሳ።

“ጉልበቱማ ጡረታ ወጥቷል፤ እሱ ነው የቀረው” ይላል ሌላው።

ጋሼ ዘጠነኛ አብሮ ይስቃል። ካልሳቀ ይብሳል። ሥራው ልብስ ሰፊነት ነው፤ በእሱ ቁመትና ሆድ ልክ የተሰፋ ዩኒፎርም ገበያ ላይ ስለማይገኝ ጃኬቱን ራሱ ሰፍቶታል። ከዚያው ጨርቅ የልጁንም አውጥቷል። ልጁ እነሆ ከጎኑ ተንበርክካለች። አታውቀውም።

ውላቸው ነው። ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ ደግነቱ ክፍላቸው ለየቅል ነው። እቤት አባትና ልጅ፣ ግቢ ውስጥ መንገደኛ። እሷ በዳቦ ቤቱ በኩል ትመጣለች፣ እሱ በጋራዡ። ማን ይቅደም የሚለውን ግን አልተዋዋሉም። ዛሬ እሷ ዳቦ ቤቱ ጥግ ቆማ “እሱ ይግባና” ስትል፣ እሱ ጋራዡ ጥግ ቆሞ “እሷ ትግባና” ሲል፣ ደወሉ ሁለቱንም ቀደማቸው። በፈተና ቀን!

ምክትሉ ልጅቷ ፊት ይቆማሉ። “አንቺን ደጋግሜ አይቼሻለሁ። ተነሺ። ወላጅ ይዘሽ ነይ። ያለ ወላጅ ፈተና የለም።”

“ቲቸር፣ እባክዎ...”

“አባትሽ የት ነው?”

ጠጠሩን ታያለች። “አገር ውስጥ የለም።”

አገር ውስጥ የሌለው አባት ከጎኗ ጉልበቱን ያመዋል።

“እናትሽስ?”

“ሥራ ላይ ናት። ስልክ አያስይዟትም።”

“እንግዲያው እስክትወጣ ጠብቂያታ!”

አባትየው አፉን ይከፍታል። እዚህ፣ ይሄ ሁሉ ጎረምሳ እየሰማ ከተናገረ፣ ከነገ ጀምሮ “የዘጠነኛ ልጅ” ነች፤ እስክትመረቅ ይከተላታል። አፉን ይዘጋል። ለእሷ ስል ነው ይላል ለራሱ። ለእሷ ሲል ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊቱ እንዲህ ባልጋለ።

ዘበኛው ይከፍትላታል። አንገቷን ጃኬቷ ውስጥ ቀብራ ትወጣለች።

ምክትሉ ደግሞ ወደ እሱ ይዞራሉ። ዩኒፎርሙን ሲያዩ “አንተ” ይላሉ፣ ራሱን ሲያዩ “እርስዎ”። “አንተ... እርስዎ... ግባ በቃ። አንተን ወላጅ አምጣ ብልህ ከየት ታመጣለህ? መቃብር ልትቆፍር ነው?”

ግቢው በሳቅ ይፈነዳል። ፈተናው ሊጀመር ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

እሱ ግን የሚያየው በሩን ነው። በሩን ያውቀዋል። በእሷ ዕድሜ “ወላጅ አምጣ” ተብሎ ወጥቶበታል። አባቱ ከዚያ ማዶ ገበያው ውስጥ ተሸካሚ ነበሩ፤ ወገባቸው ላይ ጆንያ ይታጠቃሉ። ሊጠራቸው ሄደ፤ ከሩቅ አያቸው፤ ጆንያውንም አየ። በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ገባ። ወላጅ ሊያመጣ የሄደው ተማሪ ሲመለስ ራሰ በራ ሆኖ ነው።

መሬቱን ተደግፎ ይነሳል። ጉልበቱ ይንቋቋል። ወደ በሩ ይሄዳል።

“ፈተናው በዚህ በኩል ነው እኮ!” ይጮሃሉ ምክትሉ።

ዳቦ ቤቱ ጥግ ያገኛታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

“አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ? ፈተና የለህም?”

“ያዢልኝ” ይላታል፤ ጃኬቱን አውልቆ።

ገብቷታል። “አባዬ፣ ተው። ሁሉም ያዩናል።”

“ያዩናል።”

“ሙት ያዩናል ስልህ!”

የሚለካበት ሜትር ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ እንደ ሥራ ሰዓቱ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ወደ በሩ ያመራል። እሷ ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ጃኬቱን አቅፋ፣ ራቅ ብላ ትከተላለች።

ያንኳኳል።

“ጋሼ ዘጠነኛ?” ይላል ዘበኛው። “አሁን አይደል እንዴ የወጣኸው?”

“የወጣው ተማሪው ነው። እኔ ወላጅ ነኝ።”

ተንበርካኪዎቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ምክትሉ ከላይ እስከ ታች ያዩታል፤ ሜትሩ ላይ ይቆያሉ። “የማን ወላጅ?”

“የእሷ።”

ሳቅ ከኋላ ይጀምርና የሚቀበለው ያጣል። ልጅቷ የአባቷን ጃኬት እስከ አገጯ ስባዋለች።

“አባቴ አገር ውስጥ የለም ብላኝ ነበር።”

“ገብቻለሁ።”

ምክትሉ ወደ ልጅቷ፣ ከእሷ ወደ ጃኬቱ፣ ከጃኬቱ ወደ እሱ ያያሉ። ድምፃቸው ዝቅ ይላል። “ቆይ እስቲ። ቅድም ከጎኗ ተንበርክከው የነበሩት እርስዎ አይደሉም? አባትሽ የት ነው ብዬ ስጠይቃት እየሰሙ፣ ለምን ዝም አሉ?”

ጠጠሩን ያያል። የአራት ጉልበት ጉድጓድ፣ ሁለት ትልቅ፣ ሁለት ትንሽ፣ ጎን ለጎን ቀርቷል።

“እሱን አልናገርም” ይላል። “ወላጅ አምጪ ብለዋታል፤ መጥቻለሁ።”