የሰውየው ማፍጠሪያ

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በረዶ ውስጥ ይንገዳገድ ነበር። የሕይወቱ መስመር ቀልቶ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አሁኑኑ ካልበላ ይሞታል፣ የሁለቱ ጓደኛሞች የሳምንት ልፋትም ገደል ይገባል። ከሱሁር ወዲህ ውሃ እንኳ ያልቀመሰው ጀላል ግን ጆይስቲኩን ይዞ እግሩን ከማወዛወዝ በቀር ቁልፉን አልነካም።

«አብላው እንጂ!» አለ ሞላልኝ። «ሰውየው እኮ ረመዳን አልጾመም።»

«በኔ ጣት ነው የሚበላው። አዛን ይበል።»

«አምጣ፣ እኔ ላብላው!»

ሞላልኝ ጆይስቲኩን ነጥቆ የሰውየውን ከረጢት ከፈተ። ውስጡ የተጠበሰ የበግ እግር ብቻ ነበር። የሱም ጣት ቀጥ አለ።

«ምነው?»

«ሥጋ ነው። ሁዳዴ ነው እኮ፣ ጀላል።»

ሰውየው በረዶው ላይ ተንበረከከ። ጀላል ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ከታች የፒያሳ ባጃጆች ይንጫጫሉ። የሕይወቱ መስመር ሳስቶ ክር ሲያክል ከሸዋ በር መስጊድ በኩል አዛኑ ተሰማ። ጀላል ተወርውሮ ጆይስቲኩን ቀማ።

«ቢስሚላህ!» ብሎ ቁልፉን ተጫነው።

ሰውየው ማላመጥ ጀመረ። ጀላል ሰውየው ጠግቦ እስኪነሳ ድረስ ዓይኑን አልነቀለበትም። ሞላልኝ ያልተነካውን የቴምር ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

«በል፣ አሁን አንተም ብላ።»