የእማማ ዘነቡ ጉብኝት

አስጎብኚው ናሆም ትዕግሥቱ ተሟጠጠ። "የመንግሥት ቤቶችን አሳየኝ" ብለው ከደብረ ማርቆስ የመጡት እማማ ዘነቡ፣ ቤተ መንግሥቱንም ፓርላማውንም በጨረፍታ አይተው አለፉ። አንድ ተራ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ግን ንቅንቅ አልልም አሉ።

"እማማ፣ እዚህ ምን የሚታይ አለ? ሌላውን ሳናይ መሸብን እኮ!"

በሩን የሚጠብቀው ወጣት ወታደር አለቃውን በጎን አየት አድርጎ ጮኸባቸው።

"እዚህ መቆም ክልክል ነው! ወዲያ ይሂዱ!"

"እሺ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከፊቱ ሳይነቅሉ።

የናሆም ደም ፈላ። "ይሄ ሰው እናት የለውም እንዴ? ቆይ፣ ልንገረው!"

እማማ ዘነቡ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ተወው፣ አለቃው ቆሞ እያየ እንዴት ይሳመኝ? ደግሞ ሲቆጣ ቁርጥ አባቱን!"