ገሪማ የሚልካቸው አውሮፕላኖች

የማስቲሹ ሽታ ከመላኩ ክፍል ወጥቶ ሳሎኑን ሲሞላው አትጠገብ የጸሎት መጽሐፏን ዘጋች።

ልጇ በሩን ቆልፎ መዋል ከጀመረ ሰነባብቷል። ጨለለቅቱ ከተማ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ሥራውም አይሄድም። ከክፍሉ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ አብጦ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ደህና ነበር። ታላቅየው ልጇ ገሪማ ከጀርመን በሰው እጅ አሻንጉሊት አውሮፕላን ይልካል። የድሮ የጀርመን የጦር አውሮፕላን ነው፤ በጎማ ፈንታ ሁለት ጀልባ መሳይ እግር ያለው፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ። ቁርጥራጩ በሳጥን ይመጣል፤ መላኩ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ያቆመዋል። ክንፉ ላይ ጥቁር መስቀል አለ። አትጠገብ መስቀሉን ተሳልማ ከማርያም ሥዕል ሥር ታስቀምጠዋለች።

«እማዬ፣ የጦር አውሮፕላን እኮ ነው!» እያለ መላኩ ይስቅባት ነበር።

«መስቀል መስቀል ነው፤ ዝም በል» ትለዋለች።

አሁን ሳቁም ቀርቷል። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አየችው፤ ገሪማ ድሮ የላከውን የሰማያዊውን አውሮፕላን ቀለም በምላጭ ይፍቃል።

«ወንድምህ የላከውን ታበላሸዋለህ?»

ደንግጦ በሩን ዘጋባት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግራጫ አውሮፕላን ይዞ ወጣ። «ገሪማ ላከልሽ።»

«ተመስገን! ሳጥኑስ?»

«ተቀዳዶ ነበር፤ ጣልኩት።»

«ምነው ታዲያ አይደውልም?»

«ሥራ በዝቶበታል» አለና ፊቱን አዞረ። ልብሱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል።

አትጠገብ ዲላ አውቶቡስ ተራ ማስቲሽ እየሳቡ የሚንገዳገዱትን ልጆች ታውቃለች። አንዱ ልጇ ባሕር ማዶ ነው፤ በእጇ የቀረው ደግሞ እያየችው ሊጠፋባት ነው። ኸይረዲን ሱቅ ሄደች።

«ለመላኩ ማስቲሽ እንዳትሸጥለት። እየሳበው ነው።»

ኸይረዲን ወትሮ «ሴት ልጅ ብትወልጂ ኖሮ አማቴ ነበርሽ» እያለ የሚያሾፍባት ነው። ያን ቀን «እሺ፣ እናቴ» ብቻ አለ። ስኳሯንም ተሸክሞ እስከ ደጇ ሸኛት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረኪዳን ሄደች።

«አባቴ፣ ልጄን ይምከሩልኝ። እየሞተብኝ ነው። ከቤት ሳይወጣ፣ በማለዳ ይምጡልኝ።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሟት። «በማለዳማ እንመጣለን» አሉ። «ዘመድም ይኑር።»

በማግስቱ ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አባ ገብረኪዳን ከፊት፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ። ወንድሟ በፍቃዱ እንኳ ከቡሌ ወርዷል። ለአንድ ልጅ ምክር ይሄ ሁሉ ሰው! አከበሩኝ አለች በሆዷ።

«ግቡ፣ ግቡ። እሱ ውስጥ ነው። ቀስ ብላችሁ ምከሩልኝ፤ አትቆጡብኝ፣ ልቡ ስስ ነው።»

ማንም አልገባም። መላኩ ማንም ሳይጠራው ከክፍሉ ወጣና ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ደግፎ ያዛት።

«አትጠገብ ልጄ» አሉ አባ፣ «የመጣነው ስለ ገሪማ ነው።»